እጅሽን ካነሳሽ ይቆማል

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ይህን ደብተር ከክሊኒኩ ያመጣሁት የድግሱን ዝርዝር ልጽፍበት ነበር። ሽፋኑ ላይ የሚስቅ መንጋጋ ተስሎበታል። ስንት ኮኮናት፣ ስንት እስር የዘንባባ ቅጠል፣ ማን ምን ይሸከማል እያልኩ ልጀምር ስል እጄ ወደ ወሬ ሄደብኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ዝርዝር ባይሆንለትም ወሬ ይሆንለታል።

ዛሬ የማስተኛ ቀናችን ነበር። ረቡዕ ረቡዕ፣ ጥርሳቸው ሲነካ ነፍሳቸው የምትወጣ የሚመስላቸው ሰዎች ይመጣሉ። ከምግብ ተከልክለው፣ አንድ ክኒን ማታ፣ አንድ ክኒን ጠዋት ውጠው ነው የሚመጡት። ጭልጥ ብለው አይተኙም። ዓይናቸው ይከደናል፣ ሲጠሯቸው "እ?" ይላሉ፣ በማግስቱ ግን አንዲት ነገር አያስታውሱም። ጣታቸው ላይ መቆንጠጫ ይደረግና ማሽኑ ቲት፣ ቲት ይላል። የማደንዘዣው ሐኪም ዓይኑን ከማሽኑ አይነቅልም፤ እኔ ደግሞ እጃቸውን እይዛለሁ። ወለል መወልወል፣ ዕቃ መቀቀል፣ እጅ መያዝ፤ ሥራዬ ይሄ ነው። የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሱቺ በዕድሜ ስለምበልጣት "ምቦክ"፣ ታላቅ እህቴ፣ ነው የምትለኝ። "ምቦክ ሱከርቲ፣ ያንቺ እጅ ግማሽ መድኃኒት ነው" ትለኛለች ሰው ፊት፤ እኔም ጆሮዬ እስኪግል ደስ ይለኛል።

ከመጀመሯ በፊት ለሁሉም የምትናገረው አንድ ቃል አላት። "የግራ እጅዎን ካነሱ አቆማለሁ።" ታቆማለችም። የዛሬው ፖሊስ አሥራ አራት ጊዜ አነሳ። አሥራ አራት! ወገቡ ላይ ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው! አሥራ አራቴም ቆመችለት።

ቤት ስገባ ቀን ተቆርጦ ጠበቀኝ። ካህኑ መዝገባቸውን ገልጠው ሰኞ ጁላይ 22 ብለዋል። የባለቤቴ ወንድም ልጁን በሚድርበት ቀን የእኛዋ ልጅ ሪስማ ጥርሷን ትሞረዳለች፤ በደንባችን ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ሁሉ ስድስት የላይ ጥርሱ በሞረድ ይስተካከላል፤ አንድ ዳስ፣ አንድ አሳማ፣ አንድ ድካም። ከዚህ ካለፈ ደግ ቀን የሚገኘው ከርሞ ነው። አማቴ ደግሞ፣ ከልጅ እስከ አዋቂ ዳዶንግ የምንላቸው የቤቱ አያት፣ "ከርሞ እኔ የለሁም" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ሪስማ ሰማች። ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ በቀስታ አስቀመጠች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጥርሷን ስትቦርሽ እንኳ በር ትቆልፋለች።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ቅጠል እየሰነጠቅን ሳለ ሪስማ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

"እማዬ፣ አልቀርም። እቀራለሁ አላልኩም።"

"እሰይ የኔ ልጅ።"

"ቆይ አልጨረስኩም። ነቅቼ ነው የምተኛላቸው። ማንም አይጫነኝ። እጄን ካነሳሁ ይቆማል። እንደ እናንተ ክሊኒክ።"

"ይቆማል።"

"በማን ትምያለሽ?"

"በአያትሽ በዋያን።"

አያቷ፣ የዳዶንግ ባል፣ ሞተው እንደ ደንባችን አስከሬናቸው ከተቃጠለ ስምንት ወር አልሆነም። ቤቱ ገና የሳቸውን ጥላ እየጠረገ ነው። ስምላት ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር የምታየው። ለምን እጄን እንዳየች አላውቅም። ቅጠሉን ስሰነጥቅ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ከሱራባያ የመጣች ሴትዮ ወንበሩን ስታየው ሐሳቧን ቀይራ ሄደች። የጠዋቱን ክኒን ሳትውጠው ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። እንዲህ ሲሆን መዝገብ ላይ ተጽፎ ወደ ተቆለፈው መሳቢያ ይመለሳል። ዶክተር ስልክ ላይ ነበረች። የሽርጤ እጥፋት ውስጥ ከተትኩት። ነገ እመልሰዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

አልመለስኩትም። ማንም አልጠየቀኝም።

እሑድ፣ ጁላይ 14

ግቢው በሴት ተሞልቷል። የባለቤቴ ወንድም ሚስት ራስኒ ቢላዋዋ ከምላሷ ይደንዛል። "እናት ጥርስ ቤት ትሠራለች፣ ልጅ ጥርስ ትፈራለች፤ ዓሣ ሲሸተው እንደሚያስመልሰው የአጥማጅ ልጅ!" አለች። ሴቱ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሪስማ የሩዝ ሰፌዱን ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ ይጠይቁኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ሰባት ዓመቷ ላይ አንድ የበሰበሰ ጥርስ ተነቅሎላት ነበር፤ ክሊኒኩ የሽማግሌው ዶክተር በነበረበት ጊዜ። ያኔ ማስተኛ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጅ ሁሉ ያለቅሳል። ቶሎ አለቀ። በረዶ ገዛሁላት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

ሞራጁ ሽማግሌ ጥርሷን ሊያዩ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ሲቀልዱ ዓይናቸው ይጠፋል። "ልጄ፣ ጠቤ ከስድስቱ የሰው ጠላቶች ጋር ነው እንጂ ካንቺ ጋር አይደለም" አሏት። "ስድስት ጥርስ፣ ስድስት ጠላት። ምኞት፣ ስስት፣ ቁጣ፣ ስካር፣ መታለል፣ ቅናት። ትንሽ ትንሽ እንነካካቸዋለን፣ እነሱ ያፍራሉ፣ አንቺ ትነሻለሽ።"

ሳቀችላቸው። ከዚያ ሞረዱን ከጨርቁ አወጡት። ሪስማ ግድግዳውን ተደግፋ አስመለሰች፤ እግራቸው ላይ ነው ያስመለሰችው።

ሱዳርሳ፣ ባለቤቴ፣ ውሃ ቀዳ። ሽማግሌውን እግራቸውን አጥቦ ሸኛቸው። ተመልሶ ሲመጣ ግን ባሌን እንደምጠራው "ብሊ፣ ምነው?" ስለው "ሕዝብ ፊት ብትነሳብኝስ?" አለኝ። "ልጅን ሳያስሞርዱ መሞት የአባት ዕዳ ነው። ጥርሷ ያልተነካ ሰው ወዲያኛው ዓለም ቀርከሃ ሲያኝክ ይኖራል ይላሉ። እኔ ምን ልሁን?" ድምፁ ተሰበረ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ሁለት ጊዜ ነው እንዲህ ያየሁት።

እኔ መላ አለኝ አልኩት። ምን ዓይነት አላለኝም።

እሑድ፣ ጁላይ 21

ሪስማ ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ገብታለች፤ እስከ ነገ ፀሐይ አታይም፣ እህል አትቀምስም። ምግብ አለመቅመሷ ልክ እንደ ክሊኒኩ ነው። ይሄን አስቤ ልቤ ረጋ አለ። አንድ ክኒን ብቻ ነው። ስንቱ ሲውጠው አይቻለሁ።

ሰኞ፣ ጁላይ 22

ሊነጋጋ ሲል። እርድና ማር በጥብጬ ሰጠኋት። "መራራ ነው" አለች። እርዱ ነው አልኳት። ጠጣችው። ጎበዝ።

ሰኞ፣ ማታ

ትተነፍሳለች።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

ልጻፈው። ሩዝ ልቀቅል ገብቼ ውሃ ሳልጨምር አሳረርኩት። ሁለት ጊዜ።

ትናንት ጠዋት ቢጫ ሽርጥ ለብሳ፣ የወርቅ አበባው ራሷ ላይ ተደፍቶላት፣ ለእኔና ለአባቷ እግራችን ላይ ሰገደች። ስትነሳ ተንገዳገደች። ሴቶቹ "ረሃብ ነው" አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ያዛት ብዬ ደስ አለኝ።

ተጋደመች። ሞራጁ በቀለበታቸው ጥርሷ ላይ ፊደል ጻፉ፣ ቁራጭ ሸንኮራ አገዳ አስነከሷት፣ ጀመሩ። ክርር፣ ክርር። ሴቶች ያዜማሉ፣ የነሐሱ ሙዚቃ ይመታል። ልጄ ንቅንቅ አላለችም። ራስኒ ክንዴን ቆንጥጣ "አየሽ፣ እንደ ድንጋይ!" አለችኝ። ዳዶንግ በኩራት ድዳቸው እስኪታይ ፈገግ አሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። በየመካከሉ የጥርሷን ብናኝ በተቦረቦረ ቢጫ ኮኮናት ውስጥ ትተፋለች፤ እሱ በኋላ ከመቅደሱ ጀርባ ይቀበራል። አራተኛው ላይ መትፋቱ አቃታት፤ ምራቋ በጉንጯ ወረደ። ጠረግኩላት። አምስተኛው እንዳለቀ ተናገረች።

"እጄን" አለች። "እጄን ልቀቁኝ።"

ማንም የያዛት አልነበረም።

ዜማው ቆመ። ዳዶንግ ከመቀመጫቸው ተነስተው ጮኹ። "መጣ! ሱዳርሳ፣ አባትህ መጣ!"

በድግስ መሐል መንፈስ ሲወርድ ስንቴ አይተናል። ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይናገራል፣ ጠበል ይረጫል፣ ይለቀዋል። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። መዳፉን አገናኝቶ ግንባሩ ላይ አደረገና ሁሉም የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀ። ካህኑ ጠበል ረጩ። ሱዳርሳ ጆሮዋ ሥር ተንበርክኮ "አባዬ፣ ምን ጎደለብህ? ንገረን" ይላታል። ሪስማ ግን አትንቀጠቀጥም። ከንፈሯ የእርሳስ መልክ ያዘ። ደረቷን አየሁት። አይነሳም። ስምንት ዓመት ያንን ቲት ቲት እየሰማሁ የኖርኩ ሴት፣ ደረቷ እንደማይነሳ እያየሁ ቆምኩ።  

ዶክተር ሱቺ ከእንግዶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር። የዳንቴል ሸሚዟ እስኪተረተር በሰው ትከሻ ላይ ተንጠላጥላ ደረሰች። ካህኑን ገፋቻቸው። ካህኑን! የልጄን አገጭ ወደ ላይ አነሳች፣ ሁለት ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች፣ አወጣች። የሸንኮራው ቁራጭ ነው። የአውራ ጣቴን ያህላል፣ ታኝኮ ላልቷል። ከዚያ ሪስማ አየር ሳበች። ሸራ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። አሁንም ድስት ስከፍት እሰማዋለሁ፣ በር ሲከፈት እሰማዋለሁ።

አበባ በተደረገበት የሙሽራው መኪና ሆስፒታል ወሰድናት። ማታ መለሱልን። አምስት ጥርሷ ተሞርዷል። ስድስተኛው፣ የግራው ክራንቻ፣ እንዳለ ነው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 24

ዶክተር ሱቺ "ዛሬ እቤት ይዋሉ" ብላ ላከችብኝ። "ይዋሉ"። ስምንት ዓመት "አንቺ" ስትለኝ ኖራ።

ራስኒ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምቦክ፣ ልነግርሽ ነው፤ ግን ለሱዳርሳ እንዳትነግሪ። ሰኞ ጠዋት ሪስማ ስትንቀጠቀጥ አሳዘነችኝና የመኪና ማቅለሽለሽ ማስታገሻ ክኒን ሰጠኋት። ልጆቼ ረጅም መንገድ ሲሄዱ የምሰጣቸውን። አንድ ብቻ! እኔ ነኝ አይደል? እኔ ነኝ የገደልኳት!"

"አልሞተችም እኮ፣ ራስኒ።"

"ብትሞትስ?"

እቅፍ አደረግኳት። "አይዞሽ" አልኳት፣ "አንድ ክኒን ምንም አያደርግም።" ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። እንባዋን በሽርጤ ጫፍ ጠረግኩላት። በዚያው እጥፋት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

ሰው ይጎርፋል። ሙዝ ይዘው፣ ሩዝ ይዘው። "ቤታችሁ ተጎበኘ" ይሉናል። ሪስማን በአክብሮት ነው የሚያዩዋት። አንዷ ጎረቤት ሪስማ እንድትነካላት ልጇን ይዛ መጣች!

ዳዶንግ ግን እህል ትተዋል። ምክንያቱን ዛሬ ደርሼበታለሁ። የአያታችን አስከሬን ሲታጠብ እንደ ደንቡ ሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው በነጭ ክር ታስረው ነበር። በመጨረሻ ክሩን መፍታት የዳዶንግ ፋንታ ነበር። "ሳልፈታው ቀርቼ ይሆን?" ይሉኛል። "እንባዬ ዓይኔን ሸፍኖት ነበር። 'እጄን ልቀቁኝ' አለ። ሰማሽው አይደል? እንደታሰረ ነው የሄደው። ሃምሳ ዓመት ያበላኝን ሰው እጁን አስሬ ላክሁት።"

"ፈትተውታል፣ ዳዶንግ። እኔ አይቻለሁ።" አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 30

ሪስማ ዛሬ ገንፎ በላች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ ከእርዱ በኋላ ያለውን ምንም አላስታውስም። እጄን አነሳሁ?"

"አላነሳሽም።"

"አንድ ጊዜም?"

"አንድ ጊዜም።"

መስታወቱን አንስታ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን አየች፣ እኔ ፊት። "አልፈራሁም ማለት ነዋ!" አለች። "ለክፍል ልጆች ጻፍኩላቸው እኮ። አምስት ጥርስ፣ እጄን ሳላነሳ!" ሳቋ ግቢውን ሞላው። እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል።

ውሸት አልተናገርኩም። እጇን አላነሳችም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 7

ሥራ ገባሁ። ዶክተር ሱቺ ቢሮዋ ጠራችኝ። መዝገቡ ተከፍቷል። የሱራባያዋ ሴትዮ ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ያን ዕለት አንድ ነገር ጠይቄዎት ነበር። ያስታውሳሉ?"

እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ሸንኮራውን ካወጣችላት በኋላ ልጄ መልሳ ዝም ስትል፣ ዶክተር ቀና ብላ በዓይኗ ፈልጋኝ "ምቦክ፣ ምን ሰጥተሻታል?" ብላኝ ነበር። መቶ ሰው ፊት። እኔም "ምንም" አልኳት። ልጄ እጇ ላይ እያለች "ምንም" አልኩ። ሆስፒታል ስንደርስም ሐኪሙ ጠየቀኝ። እዚያም ምንም። በጭፍን ነው ሲፈልጉ የዋሉት።

"አስታውሳለሁ" አልኩ።

"ክኒኗ ለብቻዋ ባልገደለቻት ነበር። 'ምንም' ባሉኝ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቅሁ ግን እኔ ምን ላድርግ? ማሽን የለ፣ ኦክስጅን የለ። የማደንዘዣው ሐኪም እዚህ ቁጭ ብሎ የሚውለው ለጌጥ መሰለዎት?"

መዝገቡን ዘጋችው።

"ወለሉንና ዕቃውን ይቀጥሉ። እጅ ግን ከእንግዲህ አይይዙም።"

አላባረረችኝም። ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር። ከሰዓት አንዲት አሮጊት ወንበሩ ላይ ሆና እጇን ዘረጋች፣ የሚይዘው ፍለጋ። እኔ መወልወያ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሌላ ሰው ያዛት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 10

ዳዶንግ ወደቁ። ከመቅደሱ ደረጃ ላይ፤ ሃያ ቀን ገደማ የረባ እህል ሳይቀምሱ ኖረው። አልጋቸው ላይ ሆነው ሱዳርሳን "የሙታን ጠሪዋን አምጡልኝ፤ ይቅርታ ልጠይቀው" ይሉታል። ለነገ ተቀጥራለች።

ሱዳርሳ ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ዳዶንግ፣ አያታችን አልነበሩም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

ነገርኳቸው። ክኒኑን፣ እርዱን፣ ማሩን። የክኒኑ ሰው እንቅልፍና ንቃት መካከል ሆኖ እንደሚናገር። ራስኒ ምስኪኗም ሌላ እንደጨመረችበት። ፊታቸው አልተለወጠም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ታዲያ 'እጄን ልቀቁኝ' ያለችው ማንን ነው? ማንም አልያዛት።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእጅስ?

ያኔ በሰባት ዓመቷ ጥርሷ ሲነቀል፣ ከላይ እንደጻፍኩት ቶሎ አላለቀም። ማደንዘዣው አልያዘላትም። ሽማግሌው ዶክተር "ካመመሽ እጅሽን አንሺ" አሏት። አነሳች። ትንሽ እጅ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ በሥራ ሽርጤ፤ ክሊኒኩ ውስጥ ገና ዓመቴ ነው። የሠራተኛዋ ልጅ አስቸገረች እንዳይሉ ፈራሁ። እጇን ይዤ ወደ ታች ተጫንኩት። መልሳ አነሳች። መልሼ ተጫንኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስታነሳ ሁለቱንም እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምሬ ተኛሁባት፤ ጥርሱ እስኪወጣ። "እማዬ፣ እጄን ልቀቂኝ" ስትለኝ ነበር፣ አፏ ደም ሞልቶ። ከዚያ በረዶ ገዛሁላት። አልበላችውም። እጄ ላይ ቀለጠ።

ይሄን ለዳዶንግ ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ራሴን አዘነበልኩ። አልመቱኝም።

"እኔን ሃያ ቀን በክር ስታቃጥይኝ ዝም አልሽ" አሉ። "እሱን ለራስሽ ያዢው። ግን ለምንድን ነው ለእኔ የምትናዘዢው? እጁ የእኔ ነው?"

ከዚያ ገንፎ አምጪ አሉኝ። ሁለት ሳህን በሉ፤ የሙታን ጠሪዋም ትቅር አሉ።

እሑድ፣ ኦገስት 11

ለሪስማ ነገርኳት። አምስት ጥርስ ሳታነሳ ያሳለፈችው በጉብዝና እንዳልሆነ። እጇን የያዘው ምን እንደሆነ።

አልጮኸችም። ስልኳን አንስታ ለክፍል ልጆች የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የልጆቹን መልስ ጭምር። "ሪስማ ጀግናዋ" የሚል አለበት። ስትጨርስ "ውጪልኝ" አለች።

ለሱዳርሳም ነገርኩት። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ማታ ተመለሰ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ለራስኒም፣ ለዚያች ምላሷ ምላጭ፣ ነገርኳት። "አንቺ እኮ እንባዬን ጠረግሽልኝ" ብቻ አለች።

ሰኞ፣ ኦገስት 19

ስምንት ቀን። "ጨው አቀብዪኝ" እንኳ አትለኝም። ራሷ ተነስታ ትወስዳለች።

ዓርብ፣ ኦገስት 23

እራት ላይ ዳዶንግ ነገር ጀመሩ። "አምስት ጠላት ተነካ፣ አንዱ ቀረ። የትኛው ይሆን?"

"ሽማግሌውን ጠይቄያቸዋለሁ" አለች ሪስማ። "በሳቸው አቆጣጠር የቀረው ቁጣ ነው።"

ሱዳርሳ ሳቁ አመለጠው። ራስኒ "ጉድ ፈላ! የቀረልንን እዩት!" አለች። እኔ ለመሳቅ አልደፈርኩም።

"ላስጨርሰው ነው" አለች ልጄ። "ያለ ሕዝብ፣ ያለ ነሐስ። ሽማግሌው፣ ካህኑ፣ ዶክተር ሱቺ። ካህኑ ሐሙስ ይሆናል ብለዋል። ለአንድ ጥርስ የተረፈውም ቀን ይበቃል አሉኝ።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። "እናትም ደንብ ነው፣ ትኑር። ግን እጇ ላይ ትቀመጥ።"

እጇ ላይ ትቀመጥ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦገስት 29

ቀልድ አልነበረም። አልጋው አጠገብ ምንጣፍ ተነጥፎልኛል። ሁለቱንም መዳፌን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩ። ዶክተር ሱቺ የጣት መቆንጠጫውን ይዛ መጥታለች፤ "ለእኔ ልብ ማረፊያ ነው" አለች፤ ክኒን አልተሰጠም። ቲት፣ ቲት። ከእርግብ ልብ ፈጥኖ ይመታል።

ሽማግሌው ሞረዱን ሲያወጡ ሪስማ ላብ አጠመቃት። ሸንኮራውን ነከሰች። ክርር። እጇን አነሳች። ቆሙ። ሸንኮራውን አውጥታ ተነፈሰች፣ ተፋች፣ መልሳ ነከሰች። ክርር፣ ክርር። አነሳች። ቆሙ።  ሦስተኛው ላይ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ሲወርድ እጄ ከሥሬ ሊወጣ ሲል ተሰማኝ፣ እምላለሁ፣ ሊጠርግላት ብቻ ነበር። ክብደቴን ጣልኩበት። ሰባት ጊዜ አነሳች፤ ፖሊሱን በግማሽ አሸነፈች። ሰባቴም ቆሙላት።

ሲያልቅ መስታወት ሰጧት። ለረጅም ጊዜ አየች። ዳዶንግ ከበሩ ላይ "እህ፣ ቁጣዋ ወጣ?" ብለው ጠየቁ።

"ትንሽ ነው የተነካው" አለች ሪስማ።

ቢጫው ኮኮናት ውስጥ የመጨረሻዋን ተፋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እጅሽ ደነዘዘ?"

"ደነዘዘ።"

"ደግ።"

ኮኮናቱን ዘረጋችልኝ፤ ከመቅደሱ ጀርባ የሚቀብረው ሰው ይፈልጋል። ጣቶቼ ምንም አይሰሙም ነበር፤ መያዜን እንኳ በዓይኔ ነው ያረጋገጥኩት። እንዳይወድቅብኝ ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ ቀስ ብዬ ተነሳሁ።